ሙታን ምን በደሉ? በመንፈስ ታሪኮቻችን ላይ የቀረበ ሂስ

መብራት በጠፋ ማታ ዶርም ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጽሐፉ ይታጠፋል፤ አንዱ ሻማ ይለኩሳል፤ ሌላው ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ይስብና «እኛ ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ሽንት ቤት የሚሄድ ጀግና አይገኝም።

እነዚህ የማታ ወሬዎች ቀስ በቀስ ወደዚህች ወረቀታችን ገጾች መግባት ጀምረዋል። መግባታቸው መልካም ነው። ሕዝባችን የሚያወራውን የማይጽፍ ተማሪ ምን ሊጽፍ ነው? ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የወጡትን አንብቦ፣ ያልወጡትንም ሻማ ዳር አዳምጦ ቅር ያለው ነገር ስላለ ሂሱን እንዲህ ያቀርባል። ሂስ ሲባል ዱላ ማንሳት የሚመስለው ካለ ይታገሠኝ።

ስለ መንፈስ ሲነሣ ሁለት ዓይነት አድማጭ አለ። አንደኛው ገና ታሪኩ ሳይጋመስ «ኧረ በስመ አብ በሉ!» ብሎ ያማትባል፤ ወይም «በኢየሱስ ስም!» ይላል። ሁለተኛው እግሩን አጣምሮ «ይሄ ሁሉ የድንቁርና ውጤት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ታሪኩን አላዳመጡትም። አንድ ሰው «አየሁ» ሲል ምን አየ? መቼ? ተኝቶ ነው ቆሞ? ማን ሞቶበት ነበር? ብሎ የጠየቀ የለም። ለደራሲ ደግሞ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን የፈረንጁን የሙት መንፈስ ልክ በልክ የሚተካ አንድ ቃል የለም። ምትሐት አለ፤ ጥላ አለ፤ ጋኔን፣ ጭራቅ፣ ዛር፣ ውቃቢ አለ። እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው። ወደ ወላይትኛ ስንሻገር ጣላሂያ የሚባለው ክፉው ነው፤ አያና የሚባለው ግን ሌላ ነው። የአባት አያና፣ የጦርነት አያና፣ የዝናብ አያና ነበረ። የሚያስደንቀው፣ ሚሲዮናውያን ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ አካባቢ ከገቡ በኋላ ሕዝቡ አዲስ እምነት ሲቀበል ቃሉ አብሮ አለመጣሉ ነው። ዛሬ በወላይትኛው መጽሐፍ ቅዱስ መንፈስ ቅዱስ «ጌሻ አያና» ይባላል፤ ርኩሱም መንፈስ አያና ነው። አንድ ቃል ሁለት ዘመን ተሸከመ ማለት ነው። እኛ ግን ልብ ወለድ ስንጽፍ ይህን ሁሉ ትተን «መንፈሱ ነጭ ለብሶ መጣ» እንላለን።

ነጩም ነገር ያው ብድር ነው። በእንግሊዝ አገር መንፈስ ነጭ የሚለብሰው ድሀው በከፈን ተጠቅልሎ ይቀበር ስለነበር ነው፤ የአገሩ ሰው በአዘቦት ነጭ ጨርቅ ተከናንቦ አይሄድምና ያስደነግጠዋል። እኛ ዘንድ ንጋት ላይ ነጠላ ተከናንቦ የሚሄደው ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ነው! እሱን አይቶ የሚሮጥ ገጸ ባሕርይ የጻፈ ጓደኛችን አንድ ቀን በጠዋት ተነሥቶ መንገድ ላይ ቢወጣ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የሰማኋቸውን ታሪኮች በአራት ከፍዬአቸዋለሁ።

ሀ/ የሚጫነው

ተራኪው በጀርባው ተኝቷል። ነቅቷል፤ ጣራውን ያያል፤ የጓደኛውን ማንኮራፋት ይሰማል። ነገር ግን እጁን ማንሣት አይችልም። በሩ አጠገብ አንድ ጥቁር ነገር ቆሟል። ይጠጋና ደረቱ ላይ ይቀመጣል። መጮኽ ይፈልጋል፤ ድምፅ የለም። ይህን ታሪክ ከሶዶ ልጅ ሰምቼዋለሁ፤ ከቦዲቲ ልጅ፣ ከአረካ ልጅ፣ ከጎንደር ከመጣውም ሰምቼዋለሁ። በአማርኛ ዱካክ የሚለው ስም አለው፤ በተለይ ጫት ቃሚዎች ጫት ባቆሙ ሌሊት የሚመጣባቸውን ጭንቀት በዚህ ስም ይጠሩታል። ሄንሪ ፊውዝሊ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1781 የሣለው ስመ ጥር ሥዕልም ይህንኑ ያሳያል፦ ሴትዮዋ ተዘርራ ተኝታለች፤ ጋኔኑ ደረቷ ላይ ቁጢጥ ብሏል። እንግዲህ አንድ ጋኔን ለንደንንም አረካንም ያዳርሳል ማለት ነው? ወይስ የሰው ሁሉ አካል አንድ ዓይነት ነው?

ሐኪሞች የሚሉት ሁለተኛውን ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎቻችን ይፈታሉ፤ አለዚያማ ሕልማችንን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና አካል ይዘገያል። ዐይን እውነተኛውን ክፍል ያያል፤ ሕልሙ ግን ገና አልተቋረጠም። ሁለቱ ይደራረባሉ። በጀርባ መተኛት፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል። በፈተና ሰሞን ጋኔን ለምን ይበዛል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ይህን የምለው ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም። አንድ የማውቀው ልጅ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ይህ ደረሰበት። ጓደኞቹ «ይዞሃል» አሉት። ከዚያ በኋላ መተኛት ፈራ፤ ባልተኛ ቁጥር ባሰበት፤ በመጨረሻ ሻንጣውን ይዞ አገሩ ገባ፤ ፈተናውም አለፈው። በጎንህ ተኛ፣ ሌሊቱን አትቅም፣ ያልፋል የሚለው አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ አብሮን ይማር ነበር።

በጽሑፍ ረገድ ደግሞ ጸሐፊዎቻችን ለሚጫነው ቀንድና ጅራት ይቀጥሉለታል። የታሪኩ እውነተኛ ፍርሃት ግን ቀንዱ ላይ አይደለም። ጓደኛህ በአንድ ክንድ ርቀት ተኝቶ ልትጠራው አለመቻልህ ነው። ይህን የጻፈ እስካሁን አላየሁም።

ለ/ የሚመለሰው

ይህ የሞተ ዘመድ ነው። ማታ ማታ በደጅ ያስላል፤ በትሩን ግድግዳ ላይ ያስደግፋል፤ የትምባሆው ሽታ ይመጣል። በኛ ጽሑፎች ውስጥ ሁልጊዜ ሊያንቅ ነው የሚመጣው። ለምን? ሲያሳድገን የኖረ አባት በሞተ በአርባኛው ቀን ነፍሰ ገዳይ የሚሆነው ምን ነክቶት ነው?

ዲዊ ሪስ የተባለ ሐኪም በዌልስ አገር 293 ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን ሰዎች ጠይቆ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1971 አውጥቶ ነበር። ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሟቹን አይተናል፣ ሰምተናል፣ ወይም አጠገባችን እንዳለ ተሰምቶናል ብለዋል። አብዛኞቹ ነገሩ እንዳጽናናቸው ተናግረዋል፤ ብዙዎቹ ግን ያበዱ እንዳይመስሉ ለማንም ሳይናገሩ ኖረዋል። ሐኪሙ በሽታ አላለውም። አርባ ዓመት አንድ ሳል ሲሰማ የኖረ ጆሮ ሳሉን ለማግኘት ይጠብቃል፤ ነፋስ በሩን ሲነካው ጆሮው ቀሪውን ይሞላዋል።

ወደ ወላይታ ስንመለስ ነገሩ ይጠልቃል። በቀድሞው እምነት የአባት አያና ባዳ አልነበረም። የቤቱ ሰው ነበረ። ሲታሰብ ይጠብቃል፤ ሲረሳ ያኮርፋል፤ በቤቱ ሕመም ሲገባ «አባትህን ምን ነፈግኸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ፈረንጁ መንፈስ ቤት ይዞ ማንንም ገቢ ያስፈራራል፤ የኛው ግን የራሱን ወገን ፈልጎ ይመጣል። አመጣጡ እንደ ባለዕዳ ጠያቂ ነው። እምነቱን እንድንቀበል አልሰብክም፤ አብዛኞቻችን ወላጆቻችን ትተውታል። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ከዚህ የበለጠ ጉዳይ ከየት ይመጣል? ልጁ ሶዶ ለትምህርት ገብቶ አባቱን ሳይቀብር ቀረ እንበል። ማታ የሚሰማው ሳል ያንቀዋል? ወይስ «ለምን አልመጣህም?» ይለዋል?

ሐ/ ቤት የያዘው

ሦስተኛው «ያ ቤት ሰው አያቆይም» የሚባለው ነው። ጣራው ላይ ድንጋይ ይዘንባል፤ ጓሮ ውስጥ ሰው ይራመዳል፤ ተከራይ ሁሉ ይታመማል።

እስቲ በአገራችን እንየው። ቀን ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይጮኻል። ባሕር ዛፍ ከላይ ካለ ፍሬውን ይጥላል። ጓሮ ያለው እንሰት ደረቅ ቅጠሉ በነፋስ ግንዱን ሲያሸው እግሩን የሚጎትት ሽማግሌ ይመስላል፤ በጨረቃ ደግሞ እንሰቱ ራሱ የቆመ ሰው ያክላል። የጅብ ዐይን ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል። ይህ ሁሉ ቀላል ነው።

ቀላል ያልሆነው ከሰሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በአንድ የአሜሪካ የዐይን ሕክምና መጽሔት ላይ ዊልመር የተባለ ሐኪም የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አውጥቶ ነበር። አዲስ ቤት ገቡ፤ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር፤ ኮቴ ሰሙ፤ የማያውቁት ሰው ቆሞ አዩ፤ ልጆቹ ገረጡ። በኋላ የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ ጭሱን ወደ ውጭ በማስወጣት ፈንታ ወደ ቤቱ ሲለቅ ተገኘ። ምድጃው ተጠገነ፤ መንፈሶቹም አብረው ሄዱ። ያ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ነው። ክረምት ላይ በር ዘግተው፣ ምድጃ ከሰል አስገብተው የሚተኙ ስንት ቤቶች እናውቃለን? ራስ የሚያዞር፣ ኮቴ የሚያሰማ ቤት ካለ ከጸሎቱ በፊት መስኮቱ ይከፈት። መንፈስ ቢሆን መስኮት መክፈት አይጎዳም፤ ከሰል ከሆነ ግን እስከ ነገ የሚቆይ ጊዜ የለም።

ምሁር መሳይ ማብራሪያም አለ። አንድ ጓደኛችን በጽሑፉ «ግድግዳ የሰውን ስቃይ እንደ ቴፕ ይቀዳል፣ በኋላ መልሶ ያጫውተዋል፤ ሳይንስ አረጋግጦታል» ብሏል። ሳይንስ አላረጋገጠውም። ሐሳቡ ቆየት ያለ ቢሆንም «የድንጋይ ቴፕ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ናይጀል ኒል ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ ድራማ ነው። ድራማውን እናደንቅ፤ ድራማን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አንጥቀስ። ደግሞስ ድንጋይ የሚቀዳ ቢሆን ዳሞታ ተራራ ሥር ያለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ምን ሊሆን ነው? እዚያ ሰው እሳት ማንደድ ከጀመረ 50 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆነው በቁፋሮ ታውቋል። ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ ቢቀዳ ኖሮ ሶዶ ከተማ እንቅልፍ አታገኝም ነበር።

መ/ የሚገባው

አራተኛው ሰው ውስጥ ገብቶ በሰው አፍ የሚናገረው ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ምክንያቱ አንድ አይደለምና። የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ቆላው ላይ፣ ዐባያና ብላቴ አካባቢ፣ አንጎል ላይ የወጣ ወባ ሰውን ያስቀባጥራል። ከባድ የአእምሮ ሕመምም አለ። እነዚህ ሐኪም ይፈልጋሉ፤ ሰንሰለት አይፈልጉም።

ከሕመም ሌላ ግን የንግግር ነገርም አለ። ስለ ወላይታው አያና ሳይሆን ስለ ጎንደሩ ዛር የተጻፈ ቢሆንም ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚጠቅም አንድ ሥራ ልጥቀስ። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ሥነ ሥርዓት ሲከታተል ቆይቶ በ1958 አንድ መጽሐፍ አወጣ። ዛር የያዘው ሰው ያስመስላል ወይስ አያስመስልም የሚለውን ጥያቄ ሲመረምር፣ ሰው ተመልካች ፊት የሚጫወተው ቴአትር እንዳለ ሁሉ የሚኖረውም ቴአትር አለ አለ። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ዛርን እንደ ማኅበራዊ ሕክምና አይቶ ጽፎአል፦ በቤቷ ቃል የሌላት ሴት በዛሯ አፍ ስትናገር ባሏም ይሰማታል።

እንግዲህ በኛ ልብ ወለዶች መንፈስ የገባባት ልጅ ምን ትላለች? ትጮኻለች፤ ታጓራለች፤ ትወድቃለች። አንድ ዓረፍተ ነገር አትናገርም! በሕይወት ሳለች ያላገኘችውን ንግግር በመንፈስም ነፈግናት። ጸሐፊው ጆሮውን ቢሰጣት ምናልባት «አታጋቡኝ፣ ልማር» ትል ነበር።

ሠ/ ጣቱ ወደ ማን ዞረ?

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ወደዚህ ለመድረስ ነው። ባለፈው ሰሞን ከተነበቡት ታሪኮች በአንዱ ውስጥ ሕፃን ይታመማል፤ ሌሊት ጥላ ይታያል፤ መጨረሻ ላይ ጥላው የማን እንደሆነ ይገለጣል፤ ከመንደሩ ዳር የምትኖር፣ ሸክላ የምትሠራ አሮጊት ናት። ታሪኩ ጥሩ ተጽፎአል። ብዙዎቻችን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ካጨበጨብሁ በኋላ ግን እጄ አፈረ።

ሴት አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በወላይታ ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ከሌላው ጋር ሳይጋቡ፣ በአንድ ማዕድ ሳይቀመጡ ስንት ዘመን እንደኖሩ የአገሩ ልጅ ያውቃል። በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ቡዳ ሲባል ኖሯል። ጎረቤት ልጅ ሲሞትባት «በላችው» የተባለው አያቴን ነው። ልጁ በምን እንደሞተ የጠየቀ አልነበረም። አያቴ ከዚያ ቀን በኋላ የሰው ሕፃን ቀና ብላ አታይም ነበር፤ እኔን የልጅ ልጇን እንኳ ሰው ባለበት አታቅፈኝም። ጀበናዋ ግን በየቤቱ ነበረ። ከጀበናዋ ጠጥተው እሷን ይፈሯት ነበር።

ስለዚህ ማብራሪያ መፈለግ የትዕቢት ሥራ አይደለም። የዝሆኔን ነገር ተመልከቱ። በወላይታ እግሩ ያበጠ ሰው የተረገመ ነው ተብሎ ከሰርግና ከለቅሶ ይርቅ ነበር። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም ለዓመታት አጥንቶ መንስኤው ከቀዩ አፈራችን የሚገባ ረቂቅ ብናኝ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ በወላይታ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አመለከተ። መድኃኒቱ ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ሆነ። እርግማኑ ከሰውየው ላይ ወርዶ አፈሩ ላይ ዐረፈ፤ አፈር ደግሞ አይሰደብም፣ አይገለልም። ጥሩ ማብራሪያ ማለት ይህ ነው፦ ጣትን ከሰው ላይ የሚያነሣ።

ታዲያ ሁሉም ነገር በወባና በከሰል ካለቀ የመንፈስ ታሪክ አይጻፍ ማለቴ ነው? በፍጹም! ቆርቆሮውንና ከሰሉን ካነሣን በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ እሱም የሙታን ጥያቄ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ሐምሌት ውስጥ የንጉሡ መንፈስ የሚመጣው ሊያስደነግጥ አይደለም፤ የተደበቀ ደም አለ ብሎ ሊጠይቅ ነው። እኛስ? በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወደ ወላይታ ሲዘምት፣ ንጉሥ ጦና ቆስሎ ሲማረክ ስንቱ አለቀ። ያ ዘመቻ በዐይን ምስክር ተጽፎአል። ከዚያ ሁሉ ሙት አንድ እንኳ በታሪኮቻችን ውስጥ ተነሥቶ «እኔን ማን ቆጠረኝ?» ሲል አልሰማሁም። ሙሽራዋ መንፈስ ግን በየወሩ ትመጣለች።

ለጸሐፊ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። ታሪካችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ጊዜ መልሳችሁ አንብቡና ጠይቁ፦ መጨረሻው ላይ ማን ተከሰሰ? ሕመሙ ያልታወቀለት ልጅ ከሆነ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከሆነች፣ ከመንደሩ ዳር ያለችው አሮጊት ከሆነች ወረቀቱን ቀዳችሁ ጣሉት። የተጠየቀው እኛው ሕያዋኑ ከሆንን ግን ወዲህ አምጡት፤ እናባዛዋለን።

የአሮጊቷን ታሪክ ለጻፈው ጓደኛዬም ቅሬታ የለኝም። እሱ የጻፈው የሰማውን ነው፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ይልቅ አንድ ቅዳሜ አብረን ወደኛ አገር እንውረድ። አያቴ ከሞተች ቆይታለች፤ እናቴ ግን በእሷ ጀበና ቡና ታፈላልናለች። ከጠጣን በኋላ ታሪኩን እንደገና ይጻፈው።